ከሰሌዳ ይገለብጣሉ፣ የራሳቸውን ግን አይጽፉም፤ ምን ላድርግ?

ጥያቄ፦ መምህርት፣ ከደምበጫ አካባቢ

ሰላም የሙያ ጓደኞቼ። 3ኛ ክፍል አማርኛ አስተምራለሁ። ክፍሉ ውስጥ ከ60 በላይ ልጆች አሉ። አብዛኞቹ ፊደል ለይተዋል፣ ያነባሉም። ሰሌዳ ላይ የጻፍኩትን በሚያምር የእጅ ጽሑፍ ይገለብጡታል። «ስለ ቤታችሁ ሦስት ዓረፍተ ነገር ጻፉ» ስላቸው ግን እስክሪብቶ ይዘው ዝም ይላሉ። የጻፉትም ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፦ «ቤታችን ትልቅ ነው። ቤታችን ቆንጆ ነው።»

እነዚሁ ልጆች በእረፍት ሰዓት ወሬያቸው አያልቅም። ጥጃው ገመድ በጥሶ ሲጠፋ፣ አያታቸው ገበያ ላይ ሲከራከሩ፣ ሁሉን አሳምረው ያወራሉ። ክፍል ሲገቡ የት እንደሚጠፋባቸው አላውቅም።

ሌላው ጭንቀቴ እርማት ነው። የሁሉንም ደብተር በቀይ ሳርም አመሻለሁ፤ በማግስቱ ያንኑ ስህተት ይደግሙታል። እናንተ ምን ታደርጋላችሁ?

መልስ፦ ጡረታ የወጣ መምህር፣ ቢቸና

እታለም፣ የሚያወሩት ሞልቷቸዋል ካልሽ ግማሹ ሥራ አልቋል። ከእጃቸው በፊት አፋቸውን አስቀድሚ።

በመጀመሪያ ጥያቄሽን አጥብቢው። «ስለ ቤታችሁ» ለትልቅ ሰውም ይሰፋል። «ዛሬ ጠዋት ከቤት ስትወጡ ማን ምን እያደረገ ነበር?» በያቸው። ጎን ለጎን የተቀመጡት ሁለት ሁለት ሆነው ይነጋገሩ። ከዚያ አንዱን አስነሺ። «እማዬ እንጀራ ስትጋግር ነበር» ይልሻል። እሱ እንዳለው ሰሌዳ ላይ ጻፊው። ቀጥሎ ክፍሉን ጠይቂ፦ የት? ለምን? እንዴት አድርጋ? ልጁ ራሱ ይመልስ። «እማዬ ለማኅበሩ ጓዳ ውስጥ እንጀራ ስትጋግር ነበር፤ ጭሱ ዓይኗን አስለቀሳት» እስኪል ድረስ ዓረፍተ ነገሩ እያደገ ሲሄድ ሁሉም ያየዋል።

አሁን ዋናው ነገር፦ ሰሌዳውን አጥፊው! ብዙ መምህር ይህን ይረሳል። ካላጠፋሽው ስልሳውም የዚያን ልጅ እናት ይጽፋሉ። የሚከብዱ ሁለት ሦስት ቃላት ብቻ ጥግ ላይ ተዪላቸው። ከዚያ እያንዳንዱ የራሱን ቤት ይጻፍ።

መልስ፦ ከቅኔ ቤት ወጥቶ መምህር የሆነ፣ ደብረ ኤልያስ

ጋሼ ያሉት በእኛ አገር ነባር ነው። ጎንጅንና ዋሸራን የመሰሉ የቅኔ ቤቶች ባሉበት ጎጃም ተቀምጠን ልጅ ድርሰት አይችልም ማለት ይከብደኛል።

የቅኔ ተማሪ መጀመሪያ ቅኔውን ይቆጥራል። ብቻውን ገለል ብሎ በቃሉ ያዘጋጃል ማለት ነው። ከዚያ መምህሩ ፊት ቀርቦ ይነግራል። መምህሩም በቃል ያርሙታል፤ በዙሪያው ያሉት ተማሪዎችም ከእሱ እርማት ይማራሉ። ወረቀት እስካሁን አልመጣም።

ሌላም አለ። ጀማሪ የሚጀምረው በጉባኤ ቃና ነው፤ እሱም ሁለት ቤት (ስንኝ) ብቻ ነው። በረጅሙ ቅኔ፣ በመወድስ የሚጀምር የለም። እኛ ግን ልጁ ሁለት ዓረፍተ ነገር ሳያስተካክል «አንድ ገጽ ድርሰት» እንላለን። መምህርት፣ ለጊዜው ሁለት ዓረፍተ ነገር ይብቃሽ። አንደኛው የሆነውን ይናገር፣ ሁለተኛው ያ ነገር ምን እንዳስከተለ። «ጥጃችን ገመዱን በጠሰ። ወንድሜ እስኪመሽ ፈለገው።» ይህ ሙሉ ታሪክ ነው። ሁለቱን ሲችል ሦስተኛውን ራሱ ይጨምራል።

መልስ፦ የ1ኛና 2ኛ ክፍል መምህርት፣ ፍኖተ ሰላም

በአፍ መጀመሩን እደግፋለሁ። ግን እጅ የሚባለውን ነገር አትናቁት። ፊደላችን 33 በ7፣ 231 ነው፤ እንደ «ሏ» ያሉት ዲቃሎች ሳይቆጠሩ። «ሬ» ወይም «ኞ» እንዴት እንደሚጻፍ ለማስታወስ የቆመ ልጅ ሊጽፍ ያሰበው ይጠፋዋል። አንብቦ መለየትና ሳያዩ መጻፍ ይለያያሉ። የሚገለብጥ ልጅ ፊደል ያውቃል ማለት አይደለም።

ስለዚህ በየቀኑ ክፍለ ጊዜው ሲጀመር ለአምስት ደቂቃ ያህል የቃል ጽሕፈት ስጪ። ሁሉን ፊደል አትደርድሪ። ካዕብና ኃምስ (እንደ «ሉ» እና «ሌ» ያሉት) በአብዛኛው መልካቸው አንድ ዓይነት ስለሆነ ልጆች ቶሎ ይይዙታል። የሚያስቸግሩት ሳድስና ሳብዕ (እንደ «ል» እና «ሎ» ያሉት) ናቸው። ል፣ ም፣ ር፣ ን በምን ይመሳሰላሉ? እዚያ ላይ በርቺ። የሀና የሐ፣ የሰና የሠ ጉዳይ ግን በዚህ ዕድሜ አያስጨንቅሽ። ቃሉ ከተነበበ ይበቃል።

መልስ፦ የጉድኝት (የአጎራባች ትምህርት ቤቶች) ሱፐርቫይዘር፣ መራዊ

ስለ እርማቱ ልናገር። ደብተር በቀይ ሲጥለቀለቅ ልጁ የሚያየው ቀዩን ብቻ ነው፤ ምን እንዳጠፋ አይለይም። በሳምንት አንድ ነገር ብቻ ምረጪ። ይህ ሳምንት የአራት ነጥብ ይሁን። ሌላውን ስህተት አይተሽ እለፊ። ይህን ለልጆቹም ንገሪያቸው፦ «በዚህ ሳምንት የማየው አራት ነጥብ ብቻ ነው።»

60ውንም በአንድ ቀን አትሰብስቢ። በቀን 12 ደብተር ከያዝሽ በአምስት ቀን ሁሉም ይደርሰዋል። ከታች ደግሞ «ጎበዝ» ብቻ ጽፈሽ አትመልሺ። የምር ማወቅ የፈለግሽውን ጠይቂው፦ «ጥጃው በመጨረሻ የት ተገኘ?» ለዚያ መልስ ለመስጠት የማይጽፍ ልጅ እስካሁን አላየሁም።

የቀሩት 48ስ? ጥንድ ጥንድ ሆነው የጻፉትን ድምፅ አውጥተው ያንብቡ። የጎደለ ቃል በጆሮ ቶሎ ይያዛል።

መልስ፦ ወላጅ፣ ዳንግላ

እኔ መምህር አይደለሁም፣ ትንሽ ሱቅ አለችኝ። ልጄ ከሱቁ ያለቀውን ዕቃ እንድትጽፍልኝ አደርጋለሁ። «ሳሙና» አሳስታ ስትጽፍ ማንበብ ያቅተኛል፤ ያኔ ራሷ ታስተካክለዋለች። ቤት ሥራ ተብላ ስትጽፍ ግን እንዲህ አትጠነቀቅም።

ጠያቂዋ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ጋሼ፣ እንዳሉት ሰሌዳውን አጥፍቼ አየሁት። መጀመሪያ አጉረመረሙ፤ በኋላ ግን አንዷ ስለ አያቷ በቅሎ ጽፋ ክፍሉን አሳቀችው።

ሁለት ነገር ቀረኝ። ልጆቹ በቤታቸው አነጋገር «ተገበያ መጣሁ» ብለው ይጽፋሉ፤ ላርመው? በአጨዳ ጊዜ ደግሞ ብዙዎቹ ይቀራሉ። ሲመለሱ ሁሉን ረስተውት ነው የማገኛቸው።

መልስ፦ የቢቸናው መምህር

በርቺ እታለም፣ ደስ ብሎኛል። «ተገበያ» የእናቱ አነጋገር ነው። መጀመሪያ ሲጽፍ ተዪው፤ ከነካሽው ዳግም አይጽፍልሽም። ጽሑፉን አስተካክሎ ሲገለብጥ «በመጽሐፍ ‹ከገበያ› ተብሎ ነው የሚጻፈው» በይው። ሁለቱንም ይወቅ። ክፍሉ እንዳይስቅበት ግን ተጠንቀቂ።

ለቀሩት ልጆች የተገኙት ደብዳቤ ይጻፉላቸው። «ዛሬ ስለዚህ ተማርን፣ ይህን ሠራን» የሚል አጭር ደብዳቤ። የጎረቤት ልጅ ይዞለት ይሂድ። የቀረው ልጅ ደግሞ አውድማ ላይ የዋለበትን ጽፎ ይመልስ። ከብት እየነዱ ስለሚያበራዩበት ከእሱ በላይ የሚያውቅ በክፍሉ ላይኖር ይችላል። ሲመለስ ያንን ያንብብላቸው፤ ያልገባቸውንም እሱን ይጠይቁት።