የቴስላ ሞተር ያለ ብሩሽ እንዴት ይዞራል?

ጥያቄ፦ ኒኮላ ቴስላ በ1888 እ.ኤ.አ. ፓተንት ያገኘበት ሞተር ብሩሽም ኮሙቴተርም (ለሚዞረው ክፍል ከረንት የሚያደርሱ ተነካኪ ክፍሎች) የለውም። ታዲያ ሮተሩ (የሚዞረው ክፍል) ከረንት ከየት ያገኛል?

መልስ 1፦ ከስቴተሩ (ከማይዞረው ክፍል) መግነጢስ ነው። ሁለት የሽቦ ጥቅሎች በ90 ዲግሪ ተቀምጠው የአንዱ ከረንት ከሌላው ሩብ ዑደት ሲዘገይ መግነጢሳዊ መስኩ ራሱ ይሽከረከራል። ድንቁ ሐሳብ ይኸው ነው! መስኩ ሮተሩ ውስጥ ከረንት ይፈጥራል፤ ሮተሩም ይከተለዋል፣ ግን አይደርስበትም። ቢደርስበት ከረንቱ ይጠፋ ነበር። በ50 ኸርዝ፣ ባለ 4 ፖል (መግነጢሳዊ ዋልታ) ሞተር መስኩ በደቂቃ 1500 ጊዜ ይዞራል፤ ሮተሩ ጭነት ይዞ 1440 ገደማ።

መልስ 2፦ ሞተሩ በነጠላ ፌዝ (እንደ ተራ የቤት መብራት መስመር) የሚሠራ ከሆነ ያንን መዘግየት የሚፈጥረው ካፓሲተሩ (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው ዕቃ) ነው። ሞተሩ እያጉረመረመ ካልተነሳ ቶሎ አጥፉት፣ ጥቅሉ ይቃጠላል። ካፓሲተሩን በሬዚስተር አራግፉና ለኩት፤ ከደከመ እኩል ማይክሮፋራድ (የካፓሲተር አቅም መለኪያ) ያለው፣ ቮልቴጁም ከነባሩ የማያንስ ተኩ።