ስማርት ጠረጴዛና ስማርት ብርጭቆ፦ ይጠቅማል ወይስ ብር መጨረሻ ነው?

ማሂ
ሰላም ቤተሰብ። የዛሬው ክርክር ቀላል ይመስላል፤ ግን ብር አለበት። ወንድሜ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ ምግብ ቤት ሊከፍት ነው። ቤቱን ተከራይቷል፣ ወጥ ቤቱም እያለቀ ነው። ሰሞኑን አንድ ሻጭ መጥቶ «ስማርት ጠረጴዛ» ሲያሳየው ዋለ። ላዩ ሙሉ ስክሪን ነው። ምግብ ታዝዝበታለህ፣ ሂሳብ ትከፍልበታለህ፣ ልጆች ይጫወቱበታል። አብሮት ደግሞ ውሃ ሲያልቅ ለአስተናጋጁ የሚናገር ብርጭቆ አለ። ወንድሜ ልቡ ተሰርቋል። እኔ አልተዋጠልኝም። ይጠቅማል የምትሉም አይጠቅምም የምትሉም ምክንያታችሁን አምጡ። «ዘመናዊነት ነው» ብቻ ብሎ መሄድ ክልክል ነው።

ደረጀ ቴክ
እኔ እደግፋለሁ። ግን ሻጩ ትናንት የተፈለሰፈ አስመስሎ እንዳይሸጥላችሁ መጀመሪያ ታሪኩን ልበል። ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው።

አታሪ የሚባለውን የቪዲዮ ጌም ኩባንያ ከመሠረቱት አንዱ የሆነው ኖላን ቡሽኔል በ2006 ሎስ አንጀለስ ውስጥ ዩዊንክ የሚባል ምግብ ቤት ከፍቶ ነበር። በየጠረጴዛው ስክሪን ነበረው፤ እያዘዝክ ጌም ትጫወታለህ። በ2007 ደግሞ ማይክሮሶፍት ሰርፌስ የሚባል ጠረጴዛ አወጣ። አዎ፣ ሰርፌስ ታብሌት ከመሆኑ በፊት የጠረጴዛ ስም ነበር። ዋጋው 10,000 ዶላር ገደማ። ከመስታወቱ ሥር ያሉ 5 የኢንፍራሬድ ካሜራዎች ጣትህንም የተቀመጠውን ዕቃም ያያሉ። በ2008 ላስ ቬጋስ ሪዮ ሆቴል ባር ውስጥ ገባ። በዚያው ዓመት ለንደን ሶሆ ላይ ኢናሞ ተከፈተ። እዚያ ምስሉ የሚመጣው ከላይ ከፕሮጀክተር ነው። የገበታውን መልክ ትቀይራለህ፣ ወጥ ቤቱን በካሜራ ታያለህ፣ ስትጨርስ ታክሲ ትጠራለህ።

ብርጭቆው ደግሞ ይብሳል። በ2002 ካምብሪጅ ማሳቹሴትስ የሚገኘው የሚትሱቢሺ ኤሌክትሪክ የምርምር ማዕከል ውስጥ ፖል ዲትዝና ባልደረቦቹ መጠጡ ምን ያህል እንደቀረ የሚያውቅ ብርጭቆ ሠርተዋል። ብርጭቆው ኤሌክትሪክ በሚያስተላልፍ ግልጽ ነገር ተቀብቷል። ታቹ ላይ ቺፕና ስስ የሽቦ ጥቅልል አለ። ኃይሉን በገመድ አልባ የሚያገኘው ጠረጴዛው ውስጥ ካለ ሌላ ጥቅልል ነው። ባትሪ የለውም። ይህ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል። ስለዚህ ቴክኖሎጂው ይሠራል ወይ ለሚለው መልሱ አዎ ነው።

ጌች
ደሬ፣ ያመጣኸው ማስረጃ እኮ የሚያግዘው እኔን ነው። ከ20 ዓመት በፊት ከተሠራ፣ ዛሬ ቤትህ አጠገብ ያለው ምግብ ቤት ውስጥ የት አለ? ዩዊንክ ጥቂት ዓመት ቆይቶ ተዘጋ። የማይክሮሶፍት ጠረጴዛ ስሙ ራሱ ተወስዶ ለታብሌት ተሰጠ። ፈልሳፊ አልጠፋም፣ ገንዘብም አልጠፋም። የጠፋው «ይሄ ነገር ከሌለ መብላት አልችልም» የሚል ሰው ነው።

ሳሚ አስተናጋጁ
በእግሬ የኖርኩበትን ሥራ ስለምትከራከሩበት ልግባ።

ብርጭቆው ጎሎ እንደሆነ ለማወቅ ቺፕ አያስፈልገኝም። ዓይን አለኝ። በየጠረጴዛው ሳልፍ የማየው ግን ብርጭቆውን ብቻ አይደለም። ሰውዬው ሜኑውን ዘግቷል? ዝግጁ ነው። ልጅቷ ሹካዋን አስቀምጣ ወደ ወጥ ቤት ታያለች? የሆነ ነገር ጎድሏል። ሁለቱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይነጋገራሉ? አሁን አትቅረብ። ብርጭቆው «ባዶ ነኝ» ብቻ ነው የሚለው። ባዶ የሆነው ሰውየው ስለጠገበ ይሁን ስለጠማው አያውቅም።

ሁለተኛው ጉዳይ እንጀራ ነው። አሜሪካ ውስጥ የአስተናጋጅ የፌዴራል መነሻ ክፍያ በሰዓት 2.13 ዶላር ነው። ከ1991 ወዲህ አልተነካም። ግዛቱ ጨምሮ ካልሆነ በቀር ቀሪው ቲፕ ነው። ቲፕ ደግሞ የሚመጣው ከሰው ጋር ባለህ ነገር ነው። ሰውየው ከስክሪን አዝዞ፣ በስክሪን ከፍሎ፣ እኔ ሳህን ብቻ ባመላልስ ምን ብሎ ይሰጠኛል?

ይባስ ብሎ ስክሪኑ እኔን ያስመዝናል። በ2018 ጋዜጠኞች እንደዘገቡት፣ አንዳንድ የአሜሪካ ሰንሰለት ምግብ ቤቶች በጠረጴዛ ታብሌት በሚሰበሰብ ነጥብ አስተናጋጆችን ይመዝኑ ነበር። ምግቡ ዘግይቶ የተናደደ ሰው ነጥቡን የሚቀንሰው ከወጥ ቤቱ ላይ አይደለም። ከእኔ ላይ ነው።

ደረጀ ቴክ
ሳሚዬ፣ ሐቅ አለህ። ግን ሁሉም አስተናጋጅ እንዳንተ ዓይን ያለው ይመስልሃል? ቅዳሜ ማታ ቤቱ ሲሞላ አንድ ልጅ ብዙ ጠረጴዛ ይይዛል። «ሂሳብ!» ብለህ እጅህን አንስተህ ግማሽ ሰዓት ትቀመጣለህ። እንደ ቺሊስና አፕልቢስ ያሉት የአሜሪካ ሰንሰለት ምግብ ቤቶች በ2013 አካባቢ ታብሌት በጠረጴዛ ያስገቡት እኮ ለጌጥ አይደለም። ከፍሎ መውጣት የሚፈልግ ሰው ራሱ ከፍሎ ይሄዳል። ጠረጴዛው ቶሎ ይለቀቃል። አንተም ሌላ እንግዳ ታገኛለህ።

ቤቲ የሁለት ልጆች እናት
ስለ ታብሌቱ አንድ ነገር። ስሙን የማልጠራው ቤት ውስጥ ልጄ ጌሙን ነካ ነካ አድርጎ ሂሳቡ ላይ የጌም ክፍያ ተደምሮ መጣ። ብሩ ትንሽ ነው። ግን ምግብ ልበላ ሄጄ ልጄን ከስክሪን ጋር ስታገል ማምሸቴ ነው ያናደደኝ። ቤት የሚታየው አይበቃም?

ናቲ ከኦሳካ
ጃፓን ስለምኖር በዚህ ጉዳይ ሁላችሁም ከምታስቡት የተለየ ነገር አያለሁ። ስማርት ጠረጴዛ እዚህ አለ፤ ሰውም ይወደዋል። ግን ሻጩ እንዳሳያችሁ ዓይነት አይደለም።

በተንቀሳቃሽ ቀበቶ ሱሺ (በሩዝና በዓሣ የሚሠራ ምግብ) የሚያቀርብ ምግብ ቤት የተጀመረው እዚሁ ኦሳካ አካባቢ በ1958 ነው። ዛሬ ኩራ የሚባለውን ሰንሰለት ውሰዱ። ጠረጴዛው ጎን ላይ ጠባብ ቀዳዳ አለ። የበላህበትን ሳህን እዚያ ትከታለህ። ውሃ ወስዶ ወደ ማጠቢያው ያደርሰዋል፤ ማሽኑ በመንገድ ላይ ይቆጥረዋል። ሂሳብህ ተሠራ ማለት ነው። በየ5 ሳህኑ ትንሽ ዕጣ ይወጣል፤ ከደረሰህ በኳስ ውስጥ ያለ ስጦታ ይወድቅልሃል። (ልጆች ለዚያ ሲሉ ያልራባቸውን ይበላሉ፣ ባለቤቱ ሞኝ አይደለም።) ቀበቶው ላይ ያለው ሳህን ደግሞ ስንት ጊዜ እንደዞረ ይታወቃል። ሰዓቱ ካለፈ ይነሳል።

ልዩነቱን አያችሁት? እዚያ ቴክኖሎጂው የመጣው ሦስት ራስ ምታት ስለነበረ ነው። ሳህን መቁጠር፣ ሳህን ማመላለስ፣ የቆየ ዓሣ መለየት። ሦስቱም አሰልቺ ናቸው፤ ሦስቱም ሰው የሚሳሳትባቸው ናቸው። ማንም አስተናጋጅ «ሳህን መቁጠሬ ቀረብኝ» ብሎ አያለቅስም። ማሂ፣ ወንድምሽን ሻጩ ፊት አስቀምጪውና «የትኛውን ራስ ምታቴን ነው የምታነሳልኝ?» ብሎ ይጠይቅ።

ጌች
ናቲ፣ እዚያው ጃፓን በ2023 አንድ ወጣት በሌላ ሱሺ ቤት የአኩሪ አተር ሶሱን ጠርሙስ አፍ ሲልስ ቪዲዮ ወጥቶ አገር ተናውጦ አልነበር? ከዚያ በኋላ ኩራ የሳህን ክዳን በሚያጠራጥር መንገድ ሲከፈትና ሲዘጋ የሚለይ ካሜራ አስገባ። ሰው ሲቀንስ የሚጠብቅ ዓይን ይቀንሳል። ዓይን ሲቀንስ ካሜራ ይገዛል። ወጪው የት ይቆማል?

ናቲ ከኦሳካ
ልክ ነህ፣ አልክድም። ግን ካሜራው ከገባ በኋላም ሰው ይሰለፋል።

እትዬ አልማዝ
ልጆቼ፣ ሁላችሁም የረሳችሁት ነገር አለ። የምታወሩት ስለ እንጀራ ቤት ነው እኮ! ትሪው ሲቀመጥ ስክሪኑ የት ይታያል? አራት ሰው የከበበው ትሪ ጠረጴዛውን ሙሉ ነው የሚሸፍነው። ደግሞ የምንበላው በእጃችን ነው። ጣቴ ላይ ቅቤና በርበሬ እያለ ነው የምነካው? አንዷ ሽሮ ጠብ ስታደርግበት ሌላ ምግብ ልታዝዝብኝ ነው?

ደረጀ ቴክ
እትዬ፣ ሳቄን አልቻልኩም። ግን በቴክኒክም እውነት ነው። ስልካችን ላይ ያለው ዓይነት ስክሪን ጣትን የሚያውቀው በኤሌክትሪክ ለውጥ ነው። ውሃና ወጥ ያደናግሩታል። እንግዲህ ለእንጀራ ገበታ ሙሉ ስክሪን የሚለውን ሐሳብ እዚህ ላይ ጣልኩት። ጎን ላይ የሚቆም ትንሽ ታብሌት ግን አልጣልኩም።

እትዬ አልማዝ
ታብሌቱንማ እኔም አልጠላውም። እንግሊዝኛዬ እንደምታውቁት ነው። ፈረንጅ ምግብ ቤት ስገባ ልጄ ከሌለች አስተናጋጇ ስትመጣ ጭንቅ ይለኛል። ፎቶ ካለው ግን እጠቁማለሁ፣ አለቀ። በጾም ጊዜማ እንዴት ይጠቅመኛል! ቅቤ አለው? እንቁላል አለው? ወተት ነክቶታል? እያሉ አንድ በአንድ መጠየቅ አሳፋሪ ነው። «ቪጋን» የሚለውን ስነካ ሥጋና ወተት ያለበት ሁሉ ከፊቴ ቢጠፋልኝ ደስታዬ ነው።

ሳሚ አስተናጋጁ
እትዬ ይህንን በደስታ እቀበላለሁ። አንድ ማሳሰቢያ ብቻ። ስክሪኑ «ቪጋን» የሚለው አንድ ሰው ስለጻፈለት ነው። ወጥ ቤት ውስጥ ዛሬ በአንድ ማንኪያ ቀይ ወጡንም ምስር ወጡንም እንዳማሰሉ አያውቅም። እኔ አውቃለሁ፤ ስለዚህ ጠይቁኝ።

ቤቲ የሁለት ልጆች እናት
ዓይነ ስውራንንም አስቡ። የአጎቴ ልጅ ማየት አይችልም። ለስላሳ መስታወት ለእሱ ግድግዳ ነው። ለሰው ግን «ምን ምን አላችሁ?» ይላል፣ ያወራሉ፣ ያዝዛል። መስማት ለማይችል ሰው ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ስክሪን ይመቸዋል። ስለዚህ ሁለቱም ይኑር እንጂ አንዱ አንዱን አያባርር።

ጌች
ወደ ብርጭቆው ልመልሳችሁ። ከጠረጴዛው የባሰ ማታለል ያለው እዚያ ነው። በ2014 ቬሲል የሚባል ኩባያ በ199 ዶላር ዋጋ ተዋወቀ። የቀዳህበትን ለይቶ ያውቃል ተባለ፤ ቡና ይሁን ጭማቂ፣ ስንት ካሎሪ ይሁን። ሰው ቀድሞ ከፈለ። ዘገየ፣ ዘገየ። በ2015 የወጣው ሌላ ነው፤ የሚያውቀው ምን ያህል እንደጠጣህ ብቻ። ይህንን እኮ መስመር ያለው የፕላስቲክ ኮዳም ያውቃል።

ደረጀ ቴክ
ኤምበርን ለምን ዘለልከው? መጠጥን በመረጥከው ሙቀት የሚያቆይ ኩባያ ነው፤ በ2017 ስታርባክስ ሳይቀር መሸጥ ጀመረ። ቃል የገባውን ያደርጋል። ዴስክ ላይ ተቀምጦ ቡናው ለሚረሳበት ሰው እውነተኛ ጥቅም አለው።

ጌች
ዴስክ ላይ ይሁንለት። ምግብ ቤት ግን ሌላ ዓለም ነው። ባትሪው ቻርጅ ይፈልጋል። ዕቃ ማጠቢያ ማሽን ውስጥ አይገባም፣ በእጅ ነው የሚታጠበው። ከ100 ዶላር በላይ የሆነ ኩባያ አንድ እንግዳ ቦርሳው ውስጥ ከቶ ቢወጣስ? ደግሞ የእኛ ቡና በስኒ ነው። ሳይቀዘቅዝ አልቆ ሁለተኛው ይቀዳል። ምኑን ነው የሚያሞቀው?

ሳሚ አስተናጋጁ
ስለ ማጠብ ጥሩ አነሳህ። የምግብ ቤት ብርጭቆ ኑሮ ከባድ ነው። በቀን ብዙ ጊዜ የፈላ ውሃና ሳሙና ውስጥ ይገባል። ይደራረባል። ይወድቃል። እኛ ብርጭቆ የምንገዛው እንደሚሰበር እያወቅን ነው፤ ለዚህ ነው ርካሹን የምንገዛው። ቺፕ ያለበት ሲሰበር ማን ነው የሚከፍለው? ብዙ ቦታ አስተናጋጆቹ ላይ እንደሚያልቅ እናንተም ታውቃላችሁ።

ማሂ
ሰዎች፣ እጅግ ጠቀማችሁኝ። እስካሁን እንደገባኝ ማንም ሙሉ ስክሪን ጠረጴዛውን የሚከላከል አልቀረም። ብርጭቆውንም እንደዚሁ። የቀረው ክርክር ታብሌት ይኑር አይኑር ነው። እኔ ፎቶና የጾም ምርጫ ያለው፣ ጌም የሌለበት፣ ነጥብ የማያሰጥ ቢሆን እስማማለሁ። ሂሳብስ በእሱ ይሁን?

ሳሚ አስተናጋጁ
ሂሳቡ በሰው ይሁን ባይ ነኝ። ሰው ሲወጣ የሚሰናበተው ሰው ይፈልጋል፤ ቲፑም እዚያው ላይ ነው ያለው።

ደረጀ ቴክ
እኔ ደግሞ ለቸኮለ ሰው ይፈቀድ እላለሁ። የምሳ ሰዓት እንግዳ ስንብት አይፈልግም፤ ሥራ አለበት።

ናቲ ከኦሳካ
ታብሌቱን ሳትገዙ በፊት አንድ ርካሽ ነገር ልጠቁማችሁ። እዚህ ጃፓን ብዙ ቤት፣ ኮሪያም እንደዚሁ፣ ጠረጴዛው ላይ የጥሪ ደወል አለ። አንዲት ቁልፍ ናት። ስትጫናት አስተናጋጆቹ ጋ ያለ ሰሌዳ ላይ የጠረጴዛህ ቁጥር ይበራል። አለቀ። እጅ ማውለብለብ የለ፣ ማጨብጨብ የለ። አስተናጋጁም ካልተጠራ በየደቂቃው «ሁሉ ነገር ደህና ነው?» እያለ ጉርሻህን አያቋርጥም። ወጥ የነካው ጣት ቢጫናትም ጠርገሃት ትቀጥላለህ።

እትዬ አልማዝ
ይቺንማ ነገ ይግዛት!

ሳሚ አስተናጋጁ
እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ ደገፍኩ። ግን ልጆች እንዳይደርሱባት ከፍ ተደርጋ ትሰቀል፤ ካልሆነ የቤቲ ልጅ ሲያስሮጠኝ ያመሻል።

ቤቲ የሁለት ልጆች እናት
😂 ይገባኛል።

የማሂ ወንድም
ከጀርባ ሆኜ ሁሉንም አንብቤያለሁ። ሻጩ ሐሙስ ተመልሶ ይመጣል፤ የራስ ምታቱን ጥያቄ እጠይቀዋለሁ። ናቲ፣ ደወሏ በባትሪ ናት ወይስ ሽቦ መዘርጋት አለብኝ? ወለሉን የሚያነጥፉት ሰዎች ሰኞ ስለሚጀምሩ ከዚያ በፊት ማወቅ አለብኝ።

ናቲ ከኦሳካ
ገመድ አልባ አለ፣ በባትሪ ናት። ወለሉን አትንካው። ተቀባዩን ሰሌዳ ብቻ ወጥ ቤቱ መውጫ ላይ ስቀለው፤ ሳሚ ዓይነት ሰው ሲያልፍ የሚያየው ቦታ ላይ።