ለትምባሆም ለካናቢስም 21 ዓመት፦ የዕድሜ ገደቡ ተገቢ ነውን?

አወያይ፦ ለክርክር የቀረበው ጥያቄ በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የምንኖረውን ሁሉ የሚመለከት ነው። የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 20 ቀን 2019 ጀምሮ 21 ዓመት ላልሞላው ሰው ማናቸውንም የትምባሆ ምርት መሸጥ ከልክሏል። ሜሪላንድም ከጁላይ 1 ቀን 2023 አንሥቶ ካናቢስ (ማሪዋና) ፈቃድ በተሰጣቸው ሱቆች እንዲሸጥ ስታደርግ ያንኑ 21 ዓመት ወስዳለች። በ18 ዓመቱ የሚመርጥና ለውትድርና የሚመለመል ሰው ሲጋራ ለመግዛት ሦስት ዓመት እንዲጠብቅ ማስገደድ ተገቢ ነውን? ሁለቱንስ በአንድ ዕድሜ መወሰን ያስኬዳልን?

የሕግ ተማሪ፦ ተገቢ አይደለም ባይ ነኝ። በዚህ አገር አንድ ሰው 18 ዓመት ሲሞላው ውል ይዋዋላል፣ ይመርጣል፣ ወንጀል ቢሠራ እንደ ማንኛውም አዋቂ ይከሰሳል። ለጦር ግዳጅ የበቃ ሰው ለሲጋራ አልበቃም ማለት ደግሞ ሕጉን ከራሱ ጋር ያጋጨዋል። ሜሪላንድ ራሷ ይህ ጥያቄ ስለከበዳት ይመስለኛል፣ ከፌዴራሉ ሕግ ጥቂት ወራት ቀድማ ባወጣችው ደንብ 18 ዓመት የሞላውን በአገልግሎት ላይ ያለ ወታደር ከክልከላው ነጻ አድርጋ ነበር፤ ፌዴራሉ ሕግ ግን ለወታደርም ልዩነት አላደረገም። 21 የሚለው ቁጥር የመጣው ከመጠጥ ሕግ መሆኑም መዘንጋት የለበትም። ኮንግረሱ በ1984 የመጠጥን ዕድሜ 21 ላላደረገ ክፍለ ግዛት የአውራ ጎዳና በጀት እንዲቀነስ ወሰነ፤ ኮሎራዶ በ2012 ካናቢስን በሕዝብ ድምፅ ስትፈቅድም የዘመቻው መፈክር ካናቢስን እንደ አልኮል እንቆጣጠር የሚል ስለነበር ቁጥሩ አብሮ ተሸጋገረ።

ነርስ፦ ቁጥሩ ከየትም ይምጣ፣ ሥራውን ይሠራል ወይስ አይሠራም የሚለውን ብንመረምር ይሻላል። በየቀኑ ከሚያጨሱ አዋቂዎች ከአሥሩ ዘጠኙ ያህል ሲጋራን ለመጀመሪያ ጊዜ የሞከሩት 18 ዓመት ሳይሞላቸው ነው። ታዲያ 18 ያልሞላው ልጅ ሲጋራውን ከየት ያገኘዋል? በአብዛኛው ከባንኮኒ ገዝቶ ሳይሆን 18 ከሞላው የትምህርት ቤት ጓደኛው ተቀብሎ ነው። የ15 ዓመት ልጅና የ18 ዓመት ወጣት በአንድ ግቢ ይውላሉ፤ ከ21 ዓመት ሰው ጋር ግን እምብዛም አይገናኙም። የአሜሪካ የሕክምና ኢንስቲትዩት በ2015 ባወጣው ጥናት ገደቡ ወደ 21 ቢያድግ ከሁሉ ይልቅ የሚጠቀሙት ከ15 እስከ 17 ዓመት ያሉት እንደሆኑ ያመለከተው በዚሁ ምክንያት ነው። ስለዚህ ሕጉ የ19 ዓመቱን ወጣት እንደ ሕፃን መቁጠሩ አይደለም፤ የታናሽ ወንድሙ አቅራቢ እንዳይሆን ማድረጉ ነው። ካናቢስን በተመለከተ የእኔ ስጋት ከዚህም ይበልጣል። የአንጎል እድገት እስከ ሃያዎቹ አጋማሽ ይቀጥላል፣ በልጅነት ተጀምሮ አዘውትሮ መጠቀም ከአእምሮ ሕመም ጋር ያለው ግንኙነትም በተደጋጋሚ ታይቷል። ካናዳ በ2018 ካናቢስን ስትፈቅድ ዝቅተኛውን ዕድሜ 18 ብታደርግም፣ የአገሪቱ ክፍለ ግዛት ኩቤክ ይህን ስጋት አይታ ከጃንዋሪ 2020 ጀምሮ የራሷን ወደ 21 አሳድጋለች።

የሕግ ተማሪ፦ እኅታችን፣ ኩቤክ ያን ስታደርግ ተቃዋሚዎቿ ያነሡትንም ይጨምሩበት። በሕጋዊው ሱቅ የተከለከለው የ19 ዓመት ወጣት ማጨሱን አይተውም፤ መታወቂያ ወደማይጠይቀው፣ የሸቀጡ ይዘትም ወደማይመረመርበት የመንገድ ሻጭ ይሄዳል።

የሱቅ ባለቤት፦ ሁለታችሁም ስለ ገዢው ስትከራከሩ ሻጩን ረሳችሁት። ፌዴራሉ ሕግ የሚቀጣው የሸጠውን እንጂ የገዛውን አይደለም። ከሴፕቴምበር 30 ቀን 2024 ጀምሮ ዕድሜው ከ30 ዓመት በታች የሆነን ገዢ ሁሉ ፎቶ ያለበት መታወቂያ መጠየቅ አለብኝ፤ 30 መሙላቱን ከፊቱ አይቶ መለየት ስለማይቻል እኔ ሽበት ያለውንም እጠይቃለሁ፣ አንዳንዱ ይስቃል፣ አንዳንዱ ይሰድበኛል። በዚህ አካባቢ 21 ላልሞላው የሚሰጠው መንጃ ፈቃድ ወደ ላይ የቆመ ስለሆነ ሥራው ቀላል ይመስላል። ነገር ግን 21 ከሞላው በኋላ ያንኑ የቆመ መንጃ ፈቃድ ጊዜው እስኪያልፍ የሚይዝ አለ፤ ስለዚህ የልደት ቀኑን ማንበብ ግድ ነው። ሌሊት ብቻውን ለሚሠራ፣ ወር ከቀን በፊት የሚጻፍበትን የአሜሪካ አቆጣጠር ገና ላልለመደ አዲስ መጤ ሠራተኛ ይህ ቀላል አይደለም። ተቆጣጣሪዎቹ ደግሞ 21 ያልሞላውን ወጣት እንደ ተራ ገዢ ይልካሉ። የመጀመሪያው ጥፋት በማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ይታለፋል፣ ቀጥሎ መቀጮው እያደገ ይሄዳል፤ በ36 ወራት ውስጥ አምስት ጊዜ የተገኘበት ሱቅ ጭራሽ ትምባሆ እንዳይሸጥ ሊታገድ ይችላል። ይህን ሁሉ ፈጽሜም እኅታችን የጠቀሱትን መንገድ መዝጋት አልችልም፤ የ22 ዓመቱ ገዝቶ ከወጣ በኋላ በር ላይ ለማን እንደሚያቀብለው አላይምና። ሕጉን አልቃወምም፤ ሸክሙ ሁሉ በሰዓት በሚከፈለው ልጅ ላይ መውደቁን ግን እቃወማለሁ።

ከአዲስ አበባ የተሳተፈ፦ ጋሼ፣ እዚያ ያለው ችግር እዚህ በሌላ መልክ ይታያል። ኢትዮጵያ በ2011 ዓ.ም. በምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 የትምባሆን የሽያጭ ዕድሜ 21 ያደረገችው ከአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ወራት ቀድማ ነው። በ2006 ዓ.ም. ያጸደቀችው የዓለም ጤና ድርጅት የትምባሆ ቁጥጥር ኮንቬንሽንም ሲጋራ በፍሬ እንዳይሸጥና ዕድሜው ያልደረሰ ልጅ ሻጭ እንዳይሆን አገሮች ጥረት እንዲያደርጉ ይጠይቃል። መንገድ ላይ ግን ማስቲካና ሶፍት ከሲጋራ ጋር ደርድሮ የሚዞረው ሱቅ በደረቴ ብዙ ጊዜ ራሱ 21 ዓመት ያልሞላው ነው። እናንተ ሻጩ መታወቂያ ይጠይቅ አይጠይቅ ብላችሁ ስትከራከሩ፣ እዚህ ዕድሜው እንዲታወቅ መታወቂያ አሳይ ሊባል የሚገባው ሻጩ ራሱ ነው። የካናቢስ ጉዳይ በእኛ ዘንድ የወንጀል እንጂ የዕድሜ ጥያቄ ስላልሆነ በዚያ አልገባም።

የሕግ ተማሪ፦ ሁለቱን በአንድ ዕድሜ መወሰን ያስኬዳል ወይ ወደሚለው ልመለስ፤ ለእኛ ማኅበረሰብ ከዕድሜው የሚበልጥ ልዩነት እዚህ ላይ አለ። ትምባሆ በፌዴራሉም በክፍለ ግዛቱም ሕጋዊ ነው። ካናቢስ ግን በሜሪላንድ ሱቅ ውስጥ በደረሰኝ ይሸጥ እንጂ በፌዴራሉ ሕግ እስካሁን ክልክል ነው። ድንበር ተሻግረን ቨርጂኒያ ስንገባ ከ2021 ጀምሮ 21 ዓመት የሞላው ሰው ጥቂት መያዝ ቢፈቀድለትም ያ የሱቅ ሽያጭን አልፈቀደም፤ በዲሲ ደግሞ በ2014 የጸደቀው የሕዝብ ውሳኔ መያዝንና ያለ ክፍያ መስጠትን እንጂ መሸጥን ስላልፈቀደ፣ ተለጣፊ ምስል በውድ ዋጋ ሸጦ ካናቢሱን በስጦታ ስም የሚያቀብል ንግድ ተፈጠረ። የአሜሪካ የዜግነትና የኢሚግሬሽን አገልግሎት በኤፕሪል 2019 ባወጣው መመሪያ፣ በክፍለ ግዛቱ ሕግ በተፈቀደ የካናቢስ ንግድ ተቀጥሮ መሥራት እንኳ ዜግነት ለሚጠይቅ ሰው የመልካም ጠባይ መስፈርቱን ሊያሳጣው እንደሚችል ገልጿል። ስለዚህ 25 ዓመት የሞላው የግሪን ካርድ ባለቤት በሜሪላንድ ሕግ ፈቃድ ባለው ሱቅ ተቀጥሮ መሸጥም መግዛትም ይችላል፤ ማመልከቻው ፊት ግን ዕድሜው አያድነውም።

ነርስ፦ ይህን በየቤተ ክርስቲያኑና በየመስጊዱ ማስታወቂያ መለጠፊያ ላይ ማየት እመኛለሁ። ለጋሼ ግን አንድ ጥያቄ አለኝ። ኮንግረሱ በ2018 ሄምፕን፣ ማለትም የሚያሰክረው ንጥረ ነገር እጅግ ጥቂት የሆነበትን የካናቢስ ዓይነት፣ ሕጋዊ ሲያደርግ የዕድሜ ገደብ ስላላስቀመጠ፣ ከሄምፕ የተሠሩ የሚያሰክሩ ከረሜላዎች በየነዳጅ ማደያው ከቸኮሌት አጠገብ ተደረደሩ። በ2025 መጨረሻ ይህን የሚያጠብቅ ሕግ ቢወጣም ለተፈጻሚነቱ የአንድ ዓመት ጊዜ ተሰጥቶታል። በእርስዎ ሱቅ እነዚህ ለማን ይሸጣሉ?

የሱቅ ባለቤት፦ አከፋፋዩ ሲያመጣቸው በመጀመሪያ ተቀብዬ ነበር። ማሸጊያው የልጆች ከረሜላ መስሎ ስላየሁት ከሲጋራው ጋር ከባንኮኒ ጀርባ አደረግሁትና 21 ያልሞላውን መከልከል ጀመርሁ፤ በኋላም ጨርሶ ተውሁት።

የሕግ ተማሪ፦ ጋሼ ያደረጉት የሚያስመሰግን ነው። ቀጥሎ ያለው ሱቅ ግን እንዲሁ እንዲያደርግ የሚያስገድደው የፌዴራል ሕግ አልነበረም። ትምባሆ ላይ 18 ይበቃል የሚለውን አቋሜን አልለቅም፤ የሚያሰክር ነገር ያለ ምንም የዕድሜ ገደብ በመደርደሪያ ላይ ከሚቀመጥ ግን 21ን እመርጣለሁ።