ባለቤቴ በልጅነቱ ከዘር ጭፍጨፋ የተረፈ ነው፤ ለልጃችን ምን ልንገራት?

ጠያቂ፦
ጤና ይስጥልኝ። ባለቤቴ ሩዋንዳዊ ነው። በቱትሲዎች ላይ የተፈጸመው የዘር ጭፍጨፋ መጋቢት 29 ቀን 1986 ዓ.ም. ሲጀመር የስምንት ዓመት ልጅ ነበር። በቡጌሴራ ረግረግ፣ በደንገሉ መካከል ቀኑን ሙሉ ውኃ ውስጥ ተደብቆ እየዋለ፣ ሲመሽ ብቻ እየወጣ ተረፈ፤ ወላጆቹና ሁለት እህቶቹ ግን አልተረፉም። ይህን የነገረኝ ከተጋባን ከአራት ዓመት በኋላ፣ በጨለማ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ነው።

ባለፈው ወር በልጃችን ትምህርት ቤት የስፖርት ቀን ዳኛው ፊሽካ ሲነፋ፣ ልጅቱን አፈፍ አድርጎ ከሕንፃው ጀርባ ወሰዳትና አፏን በእጁ ይዞ ቁጢጥ አለ። ገዳዮቹ ሲያስሱ በፊሽካ ይጠራሩ እንደነበር እኔ አውቃለሁ፤ እሷ አታውቅም። ዘንድሮ እሷም ስምንት ዓመት ሞላት። «አባዬን ምን አድርጌው ነው?» ትለኛለች።

መልስ 1፦
እህቴ፣ የሥነ ልቦና አማካሪ ነኝ። ሩዋንዳውያን ይህን ድንገተኛ መናወጥ «ኢሃሃሙካ» ይሉታል፤ በየዓመቱ በመታሰቢያው ሰሞን ይበረታል። ልጆች ምክንያቱን የሚነግራቸው ሲያጡ ጥፋቱን ወደ ራሳቸው ስለሚያዞሩ፣ ዝም አይበሏት። አስቀድመው እሱን ያስፈቅዱና «አባትሽ እንዳንቺ ልጅ ሳለ ክፉ ሰዎች ቤተሰቡን ገደሉበት፤ ፊሽካ ሲሰማ ያ ቀን የተመለሰ ይመስለዋል፤ አንቺ ምንም አላጠፋሽም» ይበሏት፤ ለጊዜው ይህ ይበቃታል። እሱ ሲናወጥ ደግሞ ከኋላው አይያዙት፤ ፊት ለፊት ሆነው በስሙ ይጥሩትና ያለበትን ቦታና ቀኑን ይንገሩት።

መልስ 2፦
እኔም በስድስት ዓመቴ የተረፍኩ ነኝ፤ ያሳደገችኝ አዲስ አበባ የምትኖር አክስቴ ናት። ከላይ የተባለው ትክክል ቢሆንም ለእኔ ብቻውን አልበቃኝም። ለትምህርት ወደ ሩዋንዳ ስመለስ፣ የተረፉ ተማሪዎች በ1996 እ.ኤ.አ. በመሠረቱት ማኅበር ውስጥ ወላጅ አልባዎቹ ከመካከላቸው አባትና እናት መርጠው ቤተሰብ ይሆኑ ነበር። የእኔ «አባት» በሁለት ዓመት ብቻ ይበልጠኝ ነበር፤ ሚያዝያ ገብቶ ዝናቡ ሲበረታ ምንም ሳይጠይቀኝ አጠገቤ ያድር ነበር። ኋላም የጭፍጨፋው ተሳታፊዎች በየመንደሩ በሕዝብ ፊት በሚዳኙበት የጋቻቻ ሸንጎ አንድ ጎረቤታችን እናቴን የጣለበትን ጉድጓድ ተናገረ። መልኳን ስለረሳሁት የለየኋት በቀሚሷ አበባ ነው። እንቅልፍ ያገኘሁት እሷን ከቀበርኩ በኋላ ነው። «እርሺው» ያሉኝን ሁሉ እስከ ዛሬ አልወዳቸውም። ባለቤትሽ የሚቀብረው አግኝቶ እንደሆነ ጠይቂው።

ጠያቂ፦
አመሰግናለሁ። አስፈቅጄው ልነግራት ስል ራሱ ጀመረ፤ ስለ ረግረጉ ሳይሆን ስለ እህቶቹ ነበር ያወራላት። እሷም ደብተሯን አምጥታ የትንሿን ስም እንዲጽፍላት ጠየቀችው፤ ጻፈላት። ያልተቀበሩ መሆናቸውንም ነገረኝ፤ በመጪው ዓመት አብረን እንሄዳለን። ትምህርት ቤቱ ደግሞ በፊሽካ ፈንታ ደወል ለመጠቀም ተስማምቷል።