የእናቴን ኤምአርአይ ኢንሹራንሷ ከለከለ፤ ሐኪሙ ሕመሙን አክብዶ ቢጽፍላትስ?

ሚሚ (ቨርጂኒያ)፦
ጤና ይስጥልኝ። እናቴ ወገቧን ከታመመች ሦስት ወር ሆናት፤ ሕመሙ እስከ ግራ እግሯ ይወርዳል። ሐኪሟ ኤምአርአይ ቢያዝላትም በሥራዋ በኩል ያላት ኢንሹራንስ «ለሕክምና አስፈላጊ አይደለም» ብሎ ደብዳቤ ላከ። «ሽንቷን መቆጣጠር አቅቷታል ብሎ ይጻፍላት፣ ወዲያው ይፈቅዳሉ» ያሉን አሉ። ሕመሙ የእውነት ነው፤ ይህን መጨመር ነውር ነው? ሌላስ ምን መንገድ አለ?

ዳዊት፦
ነውርም ነው፣ አይሠራምም። ሽንት መቆጣጠር ያቃተው የወገብ ሕመምተኛ በዚያው ቀን ድንገተኛ ክፍል ነው የሚላከው። ለኤምአርአዩ ከሁለት ሳምንት በኋላ ቀጠሮ ከተያዘላት የኢንሹራንሱ ገምጋሚ «ታዲያ ለምን አልላካትም?» ይላል። ደብዳቤውንም ከምርመራ ማስታወሻው ጋር ያስተያያሉ። አውቆ ሐሰት መጻፍ ማጭበርበር ነው፤ ሐኪሙን ፈቃዱን ሊያሳጣው ይችላል። ቃሉም ከእናትሽ ፋይል በቀላሉ አይወጣም።

ሰላማዊት፦
ሚሚዬ፣ መጀመሪያ የከለከሉበትን መስፈርትና ሙሉ ፋይሏን በጽሑፍ ጠይቂ፤ በነፃ መስጠት ግዴታቸው ነው። ለወገብ ኤምአርአይ አብዛኛውን ጊዜ የሚፈለገው 6 ሳምንት ፊዚዮቴራፒ ወይም መድኃኒት ተሞክሮ አለመሻሉ ነው። ፊዚዮቴራፒ ሄዳለች?

ሚሚ፦
7 ሳምንት ተመላልሳለች፣ ግን ሌላ ቦታ ነው። ክሊኒኩ ለኢንሹራንሱ የላከው የራሱን አንድ ገጽ ብቻ ነው።

ሰላማዊት፦
ነገሩ እዚያው ላይ ነው የተበላሸው። ቀኖቹ ያሉበትን የፊዚዮቴራፒ መዝገብ አስመጪና ከይግባኙ ጋር አያይዢ። ለይግባኝ ደብዳቤው ከደረሳት ጀምሮ 180 ቀን አላት። ገና ላልተሠራ ምርመራ በ30 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለባቸው፤ መዘግየቱ ጉዳት ያመጣል ብሎ ሐኪሙ ከጻፈ በ72 ሰዓት። ከዚያ በፊት ግን ሐኪሙ ራሱ ደውሎ የኢንሹራንሱን ሐኪም ያነጋግር። ብዙ ክልከላ እዚያ ያልቃል።

አቤል፦
ይግባኙም ከወደቀ በ4 ወር ውስጥ ከኢንሹራንሱ ውጭ ባለ ገለልተኛ ገምጋሚ እንዲታይ መጠየቅ ይቻላል፤ እሱ የወሰነውን ኢንሹራንሱ መቀበል ግዴታው ነው። የሕክምናውን ወጪ አሠሪዋ ራሱ የሚሸፍን ከሆነ ግን የስቴቱ የኢንሹራንስ ቢሮ ሥልጣን የለውም፤ አቤቱታው ወደ ፌዴራል የሠራተኛ መሥሪያ ቤት ይሄዳል። ወጪውን ማን እንደሚሸፍን የመሥሪያ ቤቷን የሰው ኃይል ክፍል አስቀድማ ትጠይቅ።

ትዕግሥት (አስተርጓሚ)፦
ማነው የሚያስተረጉምላት?

ሚሚ፦
የ13 ዓመት ወንድሜ።

ትዕግሥት፦
ተዉት። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ክሊኒክ ሁሉ በነፃ ብቁ አስተርጓሚ ማቅረብ አለበት፣ በስልክም ቢሆን። ለደኅንነት በሚያሰጋ ድንገተኛ አጋጣሚ ብቁ አስተርጓሚ ወዲያው ካልተገኘ በቀር ልጅን አስተርጓሚ ማድረግ ክልክል ነው። ልጁ የእናቱን ገመና እንዲሰማ ማድረጉም ሌላ ጣጣ ነው። ደግሞ እናቶቻችን «እግሬ ይከዳኛል» ሲሉ ልጅ «እግሯን ያማታል» ብሎ ያልፈዋል። ለሐኪም ሁለቱ አይገናኙም፤ መክዳት የእግር ጡንቻ ድካም ነው፣ የነርቭ ጉዳት ምልክት ሊሆን ይችላል።

ሚሚ፦
ደረጃ ስትወርድ ሁልጊዜ «ከዳኝ» ትላለች!

ዳዊት፦
እንግዲያው ነገ ደውላችሁ ለሐኪሙ በአስተርጓሚ ትንገረው፤ የእግሯን ጉልበት ፈትሾ ያገኘውን ይጻፍ። እየባሰ የሚሄድ ድካም ካገኘ 6 ሳምንት መጠበቅ አያስፈልግም፣ መስፈርቶቹም ይህን ለብቻው ያዩታል። ሽንት ከከለከላት ወይም ብልቷ አካባቢ ከደነዘዘ ግን ይግባኙን ተዉትና በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል፤ እዚያ የቅድሚያ ፈቃድ አያስፈልግም።