ክርክር፦ መንግሥት ለሁሉም ተማሪ ይክፈል ወይስ ለድሃው ብቻ?

የአዲስ አበባው፦ ሰላም ቤተሰብ። አንድ ነገር ሲከነክነኝ ሰነበተ። ከ1995ቱ የወጪ መጋራት ደንብ ወዲህ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የገባ ሁሉ ውል ይፈርማል። የምግቡንና የዶርሙን ሙሉ፣ የትምህርቱን ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶ ሥራ ሲይዝ ይከፍላል። ቀሪው የመንግሥት ነው። የባለሀብቱ ልጅም የቀን ሠራተኛው ልጅም በዚህ እኩል ናቸው። ይሄ ፍትሕ አይመስለኝም። አቅም ያለው አሁኑኑ ይክፈልና ብሩ ለችግረኛው ይሁን። ተሳስቼ ከሆነ አስረዱኝ።

የገበሬ ልጅ፦ ወንድሜ፣ በቅን ልብ እንዳልከው ይገባኛል። ግን ድሃውን ማን ይለየዋል? ቀበሌ? አባቴ ደመወዝ የለው፣ የባንክ ደብተር የለው። የገቢ ማስረጃ አምጣ ብባል ኖሮ ምን ይዤ እሄድ ነበር? «ችግረኛ ነው» የሚል ደብዳቤ ለማጻፍም ሰው ማወቅ ይጠይቃል። እኔ የተማርኩት ማንም ድህነትህን አስመስክር ስላላለኝ ነው።

መምህርቷ፦ የተማሪው ችግር ግን ከዚህም ይለያል። የቀን የምግብ በጀቱ 22 ብር ነበር፤ በ2017 ወደ 100 ብር ከፍ አለ፤ ጥሩ ነው። ፎቶ ኮፒውስ? ሳሙናው፣ ሞዴሱ፣ የአውቶቡሱ? ሃንድአውት የምታስባዛበት አጥታ የጓደኛዋን በእጇ የምትገለብጥ ተማሪ አለችኝ። ማታ ማታ ነው የምትጽፈው፣ ጓደኛዋ ስትተኛ። እኛ ጋ እንደሷ ያሉትን የምንረዳው ከኪሳችን አዋጥተን ነው።

ከሜሪላንድ፦ እዚህ አሜሪካ ችግረኛውን እንዴት እንደሚለዩ ልንገራችሁ። ፋፍሳ የሚባል የተማሪ ድጋፍ መጠየቂያ ቅጽ አለ፤ ከልጄ ጋር ነው የሞላነው። የቤተሰቡ ገቢ ከግብር መሥሪያ ቤቱ በቀጥታ ይመጣል። ገቢው ዝቅተኛ ከሆነ ተማሪው ፔል ግራንት የሚባል የመንግሥት ድጋፍ ያገኛል። በፈረንጆቹ 2024–25 የትምህርት ዘመን ትልቁ 7,395 ዶላር ነበር፤ ብድር ስላልሆነ አይመለስም። ይሄ የሚሠራው ግን እኔ ታክሲ ነጂውም ገቢዬን በየዓመቱ ስለማሳውቅ ነው። መዝገቡ በሌለበት ቅጹን ብቻ ብንቀዳ የሚጎዳው የገበሬው ልጅ ነው። እሱ ያለው ልክ ነው።

የአዲስ አበባው፦ እሺ፣ የቀበሌውን ነገር ተቀብያለሁ። አንድ ነገር ግን አልለቅም። በ2015 የ12ኛ ክፍልን ፈተና ያለፈው 3.2 በመቶ ብቻ ነው። ከ1,300 በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። እነዚህ የማን ልጆች የሚማሩባቸው ናቸው? ስለዚህ የመንግሥት ብር የሚደርሰው ቀድሞም ጥሩ ትምህርት ቤት ላገኘው ነው። ውድ የግል ትምህርት ቤት የተማረ ልጅ ደግሞ የቀበሌ ደብዳቤ አያስፈልገውም። ቤተሰቡ ሲከፍል የኖረው ደረሰኝ አለ።

የገበሬ ልጅ፦ ይሄኛውስ ያስማማናል።

ሥራ ፈላጊዋ፦ ስለ ተመረቅነውም አስቡ እንጂ! ቴምፖ፣ ማለትም ጊዜያዊ የምረቃ ማስረጃ፣ ይዤ ሦስት ዓመቴ። ኦሪጅናል ዲግሪዬን ስጠይቅ ወጪ መጋራቱን ክፈይ ይሉኛል። ለመክፈል ሥራ ያስፈልገኛል። ሥራ ስጠይቅ ደግሞ ኦሪጅናል አምጪ እባላለሁ። ደንቡ እኮ ከደመወዝ ቢያንስ 10 በመቶ እየተቆረጠ ይከፈላል ነው የሚለው። ደመወዝ ከሌለኝ ከምን ይቆረጣል? ዲግሪዬን ሰጥተውኝ ስቀጠር ቢቆርጡኝ ምን ይጎዳቸዋል?

የአዲስ አበባው፦ እህቴ፣ ይሄን ሳላውቅ ነው «አሁኑኑ ይክፈል» ያልኩት። ያንቺን ዲግሪ ይዞ ማቆየት ለመንግሥትም አንድ ብር አያመጣለትም። ይልቀቁልሽ።

መምህርቷ፦ ከውድ ትምህርት ቤት ከመጡት የሚሰበሰበው ብር ግን በዩኒቨርሲቲው በጀት ውስጥ ገብቶ እንዳይቀር። በየወሩ በተማሪዋ አካውንት ይግባ። እኔ ያቺ ልጅ ማታ ማታ እንድትተኛ ነው የምፈልገው።