የአባቴን የቤት ማህደር ከውጭ ሆኜ እንዴት ልጠይቅ? (ሐዋሳ)

ሰላማዊት (ደንቨር)

የተከበራችሁ የሐዋሳ ልጆች፣ እንደምን ሰነበታችሁ። አባቴ ካረፈ በመጪው ሐምሌ ሁለት ዓመት ይሞላዋል። ከእርሱ የቀረን ያደግንበት ቤት ነው። ታላቅ ወንድሜ ባለፈው እሑድ ደውሎ የቤቱ ማህደር ከማዘጋጃ ቤት ተፈልጎ መውጣት እንዳለበት፣ ለዚህም ሙሉ ውክልናና ለጉዳይ ማስፈጸሚያ የሚሆን ገንዘብ በቶሎ እንድልክለት ነገረኝ። ወንድሜን አልጠረጥርም፤ ነገር ግን ማህደሩ ውስጥ ምን እንዳለ ሳላውቅ መፈረም ከብዶኛል። ካርታው አሁንም በአባታችን ስም ነው? ዕዳ ወይም እገዳ አለበት? በእጄ ያለው ብቸኛ ወረቀት አባቴ በደብዳቤ መሐል የላከልኝ የ1989 ዓ.ም. የቤት ግብር ካርኒ ቅጂ ሲሆን፣ «አዋሳ ከተማ፣ ቀበሌ 08» ይላል። ይህ ቀበሌ ዛሬ በየትኛው ክፍለ ከተማ ሥር እንደሆነ እንኳ አላውቅም፤ ወንድሜን ብጠይቀው ለምን እንደጠየቅሁት ይገባዋል። ከውክልናው በፊት የማህደሩን ቅጂ ራሴ በማመልከቻ መጠየቅ እችላለሁን? ማመልከቻውስ ለማን ይጻፋል?

ዮናስ (ሲያትል)

እኅት ሰላማዊት፣ መጠየቅ መብትሽ እንጂ ሰው ሲፈቅድ የሚቸርሽ አይደለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 መረጃ የማግኘትን ነጻነት ያውቃል፤ ስለ መገናኛ ብዙኃንና ስለ መረጃ ነጻነት የወጣው አዋጅ ቁጥር 590/2000 ደግሞ አፈጻጸሙን ይዘረዝራል። ጥያቄው የሚቀርበው ለመሥሪያ ቤቱ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ ነው፤ እርሱም በ30 ቀናት ውስጥ መልስ መስጠት፣ ከከለከለም ምክንያቱን በጽሑፍ መግለጽ አለበት። ቅር ያለው ጠያቂ አቤቱታውን መጀመሪያ ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ፣ ቀጥሎ ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ያቀርባል። ብዙ ሰው ይህ አዋጅ እንደተሻረ ያስባል፤ በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1238 የተካው ግን የመገናኛ ብዙኃኑን ክፍል እንጂ የመረጃ ነጻነቱን ክፍል አይደለም።

እኔ በምኖርበት በዋሽንግተን ስቴት የሕዝብ ሰነዶች ሕግ የጸደቀው እ.ኤ.አ. በ1972 ነው። ሰነድ የተጠየቀ መሥሪያ ቤት በአምስት የሥራ ቀናት ውስጥ ወይ ሰነዱን ይሰጣል፣ ወይ መቼ እንደሚሰጥ ያሳውቃል፣ ወይም የከለከለበትን ሕግ ጠቅሶ ይጽፋል። ባለፈው ዓመት የጎረቤቴ አጥር ወደ ግቢዬ መግፋት አለመግፋቱን ለማጣራት የቤቱን የሽያጭ ሰነድ ከኪንግ ካውንቲ መዝገብ ቡናዬ ሳይቀዘቅዝ አገኘሁት። እኛም በአገራችን ያለውን ሕግ ካልተጠቀምንበት ማን ይጠቀምበታል? ማመልከቻሽን ዛሬውኑ ጽፈሽ በኢሜይል ላኪው።

ብርሃኑ (ሐዋሳ)

ልጄ ሰላማዊት፣ የአባትሽን ነፍስ ይማር። ጡረታ እስክወጣ ድረስ የሠራሁት በመዝገብ ቤት ነውና ዮናስ ያለውን ሕግ ሳልነካ ስለ መደርደሪያው ልንገርሽ።

አንደኛ ነገር፣ የአዋጁ ጥያቄ ለከተማው ዕቅድ፣ ለበጀት፣ ለሊዝ ጨረታ ውጤትና ይህን ለመሰለው የሕዝብ ጉዳይ የታሰበ ነው። የአንድ ግለሰብ የቤት ማህደር ግን የሦስተኛ ወገን የግል መረጃ አለበት፤ አዋጁም ራሱ እንዲህ ያለውን እንዲከለከል ይፈቅዳል። ስለዚህ ወረቀትሽ ሕዝብ ግንኙነት ዘንድ ደርሶ «ማን ነሽ?» የሚል ጥያቄ ይዞ ይመለሳል። ማህደር የሚከፈተው ለባለይዞታው፣ በሕግ ለተወከለው ወይም ወራሽነቱ ለተረጋገጠ ሰው ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 996 መሠረት ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ ካወጣሽ የምትጠይቂው እንደ ማንኛውም ሰው ሳይሆን እንደ ልጅ ነው። ለዚህም የአባትሽ የሞት ምስክር ወረቀት ያስፈልግሻል። ሞት በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ እንዳለበት አዋጅ ቁጥር 760/2004 ይደነግጋልና መመዝገቡን ከሁሉ አስቀድመሽ አጣሪ።

ሁለተኛ፣ ፍለጋው ራሱ ጥበብ አለው። ባለጉዳይ ብዙ ጊዜ «ፋይልህ የለም» ተብሎ የሚመለሰው ፋይሉ ጠፍቶ ሳይሆን በሌላ ፊደል ስለተመዘገበ ነው። አንዱ ጸሐፊ ስሙን በሃሌታው ሀ ይጽፋል፣ ሁለተኛው በሐመሩ ሐ፣ ሦስተኛው በብዙኃኑ ኀ፤ መደርደሪያው ደግሞ በፊደል ተራ ነው። የአባትሽ ስም ከእነዚህ ፊደላት በአንዱ ወይም በሠ እና በሰ፣ በአ እና በዐ የሚጀምር ከሆነ አጻጻፉን ሁሉ በማመልከቻው ላይ አስፍሪ። ከተማችንም ራሷ በአሮጌው ወረቀት «አዋሳ»፣ በአዲሱ «ሐዋሳ» ናት። በላይዋ የነበረው አስተዳደር ሲዳሞ ክፍለ ሀገር ነበር፣ ደቡብ ክልል ሆነ፣ ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ሲዳማ ክልል ሆኗል፤ በአንድ ማህደር ውስጥ ሦስት ዓይነት ማኅተም ማየት የተለመደ ነው። ዛሬ ከተማዋ ስምንት ክፍለ ከተሞች አሏት። የድሮ ቀበሌሽ በየትኛው ሥር እንዳለ ለመናገር የቤት ቁጥሩን ማወቅ አለብኝ፤ ካርኒው ላይ አይጠፋም። የቤት ቁጥርና የካርኒ ቁጥር ያለው ባለጉዳይ ከስም ብቻ ያለው ይልቅ እጅግ ይቀድማል።

ሦስተኛ፣ «ሙሉ ውክልና» የሚባለው ቃል አያስደንግጥሽ፤ ግን ደግሞ አያዘናጋሽ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2204 በጠቅላላ ቃል የተሰጠ ውክልና ከማስተዳደር ተግባር አያልፍም፤ የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥም ሆነ በመያዣ ለመስጠት በቁጥር 2205 ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። ችግሩ ተዘጋጅቶ በሚላክልሽ ጽሑፍ መሐል «ለመሸጥ፣ ለመለወጥ» የሚሉት ቃላት ተሰክተው መምጣታቸው ነው። አንቺ ግን ማህደሩን ለማየት፣ ቅጂውን ለመውሰድና ከዕዳና ከእገዳ ነጻ ስለመሆኑ ማስረጃ ለመጠየቅ ብቻ የሚል ውክልና በቆንስላው ፈርመሽ፣ አዲስ አበባ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር አስረጋግጠሽ ለምታምኚው ሰው መላክ ትችያለሽ። ያ ሰው የግድ ወንድምሽ መሆን የለበትም።

ማርታ (ቤይሩት)

ጋሽ ብርሃኑ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። ይህን ምክር ከዐሥር ዓመት በፊት ባገኘው ኖሮ ዛሬ ሌላ ሰው በሆንኩ።

እኔ ዘጠኝ ዓመት ገንዘብ እየላክሁ አንድም ቀን ወረቀት ያልጠየቅሁ ሰው ነኝ። ለቦታው ላክሁ፣ ለመሠረቱ ላክሁ፣ ለቆርቆሮው ላክሁ፣ በሩ በረንዳ ከሌለው ያምራል ወይ ብለው ሲጠይቁኝ ለበረንዳውም ጨመርሁ። «የካርታውን ፎቶ ላኩልኝ» ማለት ግን አልደፈርሁም፤ ባለጌ የምባል፣ ሥጋዬን የማላምን የምመስል መሰለኝ። ለእረፍት የሄድሁ ጊዜ ጠላ ተጠምቆ፣ ዶሮ ታርዶ ተቀበሉኝ። ካርታው በሌላ ዘመዴ ስም መሆኑን ያወቅሁት የመብራት ቆጣሪ በስሜ ላስገባ ብዬ ስጠይቅ ነው። ሕግ ፊት የእኔ የሚባል ነገር አልነበረኝም፤ የገንዘብ መላኪያ ደረሰኞቼም አብዛኞቹ ጠፍተዋል።

እዚህ ሌሊት እንቅልፍ ሲያጣኝ ትዝ የሚለኝ ያ አዲሱ ቤት አይደለም። የእናቴ ቤት በር ላይ የተመታችው፣ የቤት ቁጥር የተጻፈባት ዝገት የበላት ቆርቆሮ ናት። ለገብርኤል በዓል አጥሩ በኖራ ሲቀባ እርሷ እንዳትነካ እናቴ በጨርቅ ትሸፍናት ነበር። «መንግሥት እኛን የሚያውቀን በዚች ነው» ትለን ነበር። ሰላማዊት፣ ወንድምሽ ቅር ቢለው ይሻላል፤ ቅርታ ያልፋል።

ዮናስ (ሲያትል)

የማርታ ነገር ልቤን ነካው፤ የምለውንም ያጠናክርልኛል። ጋሽ ብርሃኑ፣ በአክብሮት እቃወምዎታለሁ። ማርታን የጎዳት የተዘጋ መዝገብ ነው። ማንም ሰው የቤት ቁጥር ጠቅሶ ባለይዞታውን ማወቅ ቢችል ኖሮ፣ ለበረንዳው ከመላኳ በፊት በአንድ ማመልከቻ እውነቱን ታውቅ ነበር። ማህደሩን የሚያየው ባለቤቱ ብቻ ከሆነ፣ ባለቤት ሳይሆን ባለቤት ነኝ ብሎ ገንዘብ የሚሰበስበውን ማን ያጋልጠዋል?

ብርሃኑ (ሐዋሳ)

ዮናስ ልጄ፣ አንተ ካለህበት አገር ሰነዱን ያየ ሰው ሰነዱን መሥራት አይቀለውም ይሆናል። እኛ ዘንድ ግን የካርታ ቁጥርና የባለይዞታ ፊርማ ያየ ሰው አምሳያውን አሠርቶ ሲመጣ በዓይኔ አይቻለሁ። ደግሞ አስበው፤ መዝገቡ ለሁሉ ክፍት ቢሆን ቀድሞ የሚሰለፈው ማርታ አይደለችም፤ ባለቤቱ የሞተበትን፣ ልጆቹ ውጭ የቀሩበትን ቤት ለይቶ የሚፈልገው ደላላ ነው። መዝገብ ቤት ውስጥ ባለጉዳይ ሲሰድበኝ የኖርሁት «አላሳይም» በማለቴ ነው። ካላሳየኋቸው ሰዎች መካከል ስንቱ ልጅ፣ ስንቱ ደላላ እንደነበረ አንተ አታውቅም።

ዳዊት (ስቶክሆልም)

በመሐል ልግባ። በስዊድን የመንግሥት ሰነድ ለሕዝብ ክፍት የሆነው እ.ኤ.አ. ከ1766 ጀምሮ ነው፤ ጠያቂው ስሙንም ሆነ ምክንያቱን መናገር አይገደድም። ግብር የተወሰነበትን ገቢዬን ሳይቀር ማንም ደውሎ መጠየቅ ይችላል። አንድ የእድራችን አባል ይህን አድርጎ፣ በሚቀጥለው ስብሰባ መዋጮዬ ከፍ እንዲል ሐሳብ አቅርቧል። ስለዚህ ግልጽነት ጥሩ ነው የምትሉ ወንድሞች ከእድር ጋር አብሮ እንደሚመጣ እወቁት። ይሁንና እኔም ወደ ዮናስ አደላለሁ፤ ቢያንስ የባለይዞታው ስምና የዕዳና እገዳ ሁኔታ፣ ፊርማና ፎቶ ሳይጨመርበት፣ ለጠየቀ ሁሉ ቢገለጽ ሁለታችሁም ያላችሁት ስጋት ይቀልል ነበር።

ሰላማዊት (ደንቨር)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሽ ብርሃኑ ባሉኝ መሠረት ውስን ውክልናውን ለአክስቴ ልጅ ለመላክ ወስኛለሁ፤ ለወንድሜም ዛሬ ደውዬ ነገርሁት። ለጥቂት ጊዜ ዝም ካለ በኋላ «እንደ ባዕድ ቆጠርሽኝ» ብሎ ስልኩን ዘጋው። የሞት ምዝገባውን ማን እንዳስመዘገበ ልጠይቀው ነበር፤ አልደረስሁበትም።

ካርኒውን በማጉያ አየሁት። ቀበሌ 08፣ የቤት ቁጥር 417 ይመስለኛል፤ የመጨረሻው አኃዝ ደብዝዟል፣ 411ም ሊሆን ይችላል። ጋሽ ብርሃኑ፣ ይህ ዛሬ የትኛው ክፍለ ከተማ ነው? የአክስቴ ልጅ ሰኞ ጠዋት ልትሄድ ነው።

ዮናስ (ሲያትል)

ዳዊት ያቀረበው መካከለኛ ሐሳብ መልካም ነው፤ ሆኖም ስምን ብቻ መግለጽ በቂ አይመስለኝም፤ ይዞታው ከማን ወደ ማን እንደተላለፈ የሚያሳየው ታሪክ ካልታየ ማርታ የተጎዳችበት ዓይነት ማታለል ሳይገለጥ ይቀራል። ጋሽ ብርሃኑ ስለ ደላላው ያሉትንም አልተቀበልሁትም፤ ደላላ እኮ መዝገብ ሳያይም በሰፈር ወሬ ሁሉን ያውቃል።

ብርሃኑ (ሐዋሳ)

በወሬ ማወቅና በማኅተም ማወቅ ለየቅል ናቸው፣ ዮናስ። በወሬ ያወቀ ደላላ ፍርድ ቤት አይሄድም። ይልቅ በእናንተ አገር የሰው ቤት በሐሰተኛ ሰነድ ተሽጦ አያውቅም ወይ? ይህን መልስልኝ።